መቀስ ያልነካው ቬሎ

«እማ፣ የምወደው ሰው እያወራኝ ለምን እንቅልፍ ይወስደኛል?»

ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ የሻይ ብርጭቆዎቹን እያነሳሁ ነበር። መሐንዲሱ ገና መውጣቱ ነው፤ የጫማው ድምፅ ከደረጃው ላይ አልጠፋም።  እንዳልሰማ ሆኜ ብርጭቆዎቹን ይዤ ወደ ማድቤት ገባሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። መሐንዲሱ እጮኛዋ ነው። ከሥራ በቀጥታ ወደ እኛ መጥቶ ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀመጠና ከሠርጉ በኋላ ስለሚገቡበት ቤት ይነግራት ጀመር። መስኮቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው፤ የስፌት መኪናሽን እዚያ ሥር እናደርገዋለን፤ ጠዋት ጠዋት ጥሩ ብርሃን ታገኛለሽ፤ ይላታል። እሷም ፈገግ ብላ ታየዋለች። ፈገግታው ከፊቷ ሳይጠፋ ዓይኖቿ ተከደኑ። እሱ አላስተዋለም፤ የመጋረጃውን ቀለም ጠየቃት። መልስ ሲያጣ ዞር ብሎ አያት።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስለነበር የፊቱን መለዋወጥ አየሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ከዚያ ማንም ያላስገባው እንግዳ ይመስል ዙሪያውን ቃኘ።

«ደክሟታል» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩት።

ጃኬቱን አውልቆ ደረበላትና «ስትነቃ ትደውልልኝ» ብሎ ወጣ።  ልጄ የነቃችው በሩ ሲዘጋ ነው።

ሥራ አልበዛባትም ነበር። ከሥራ ከቀረች ሰንብታለች። እሱ ይህንንም አያውቅም።

ልጄን ሰው ሁሉ ጥጤ ይላታል። ስትወለድ ክንዷ እጥፍ እጥፍ የሚል፣ ሲይዟት እጅ ውስጥ የምትሰምጥ ሕፃን ነበረች፤ ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። አድጋም ያው ጥጤ ነበረች። ዳሌዋ ሰፊ፣ ክንዷ ድብልብል ያለ፣ ስትስቅ ሰውነቷ በሙሉ አብሯት የሚስቅ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ ላውንደሪ ቤት ልብስ እተኩሳለሁ። እሷ ቬሎ በሚከራይበት ቤት ሙሽሮችን ትለካ ነበር፤ ለጠበባት ታሰፋለች፣ ለሰፋት ታጠብባለች። የሙሽራ ጀርባ አይታ ብቻ የቱ ጋ እንደሚጨንቃት የምታውቅ ልጅ ናት።

ከመሐንዲሱ ጋር የተዋወቁት የእህቱን ቬሎ ስትለካ ነው። ጥጤ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ ትሰበስባለች፤ በከንፈሮቿ መካከል ስፒል ደርድራ ይዛለች። እሱ እህቱን ሊወስድ መጥቶ «ትቆያላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ዝም። ደግሞ ጠየቀ። ዝም። በሦስተኛው ከተንበረከከችበት ቀና ብላ አየችው፤ ስፒሎቹ በአፏ እንዳሉ፣ ዓይኖቿ ብቻ እየሳቁ።

«ሦስቴ ጠይቄያት የዘጋችኝ ሴት እሷ ብቻ ናት» ይል ነበር በኋላ።

«ታዲያ ስፒል ልዋጥልህ?» ትለው ነበር።

እኔ ይህን ፍቅር ከጅምሩ ፈርቼዋለሁ። እነሱ ባለ ፎቅ ናቸው። እናቱን የሚያውቃት ሁሉ «ባለ ፎቋ» ነው የሚላት። ከታች ሱቅ፣ ከመሃል የሚከራይ ቢሮ፣ ከሁሉ በላይ የራሷ መኖሪያ። የቤቱ ሸሚዝና አንሶላ ሁሉ በእኔ ካውያ ሥር ነው የሚያልፈው። ልጄን ከበር ትመልሳታለች ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ። ባለ ፎቋ ግን አልመለሰቻትም። ጥጤ እንደነገረችኝ ስማ አስገባቻት። አስቀመጠቻት። ከዚያ ከቁም ሳጥኑ ላይ ትልቅ ካርቶን አውርዳ ከፈተችው።

«ይህን የባሌ እናት ለብሳዋለች» አለች። «ቀጥሎ እኔ ለበስኩት። አሁን ደግሞ የመጀመሪያ ልጄ ሚስት ትለብሰዋለች። እስከ ዛሬ መቀስ ነክቶት አያውቅም።»

ጥጤ ጨርቁን በጣቶቿ ጫፍ ዳሰሰችው። ከዚያ እጇ ልማዱን አደረገ፤ ጎኑን ገልብጣ ስፌቱን አየች። «ውስጡ ትርፍ ጨርቅ አለው እኮ እትዬ። ከዚህና ከዚህ ብንለቀው ልክክ ይላል፤ የተነካ እንኳን አይመስልም።»

ባለ ፎቋ ፈገግ አለች። ክፉ ፈገግታ አልነበረም። «ቀሚሱ አይለወጥም፣ የኔ ልጅ። ሙሽራዋ ናት ለቀሚሱ የምትዘጋጀው።»

ሲመለሱ ደረጃው ላይ መሐንዲሱ እጇን ይዞ «አይዞሽ፣ ገና ጊዜ አለ» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት እናቴን አሳምናታለሁ ማለቱ ይሆናል። ልጄ ግን ለመቅጠን ጊዜ አለሽ ያላት መሰላት። አልጠየቀችውም። እሱም አላብራራም።

በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀሚሱን ማስፋት የምትችል ልጅ ራሷን ልታጠብብ ተነሳች።

መጀመሪያ ምግብ ቀነሰች። ቀጥሎ በጠዋት መሮጥ ጀመረች። ወገቧ ጥቂት ሸሸ፤ ዳሌዋ ግን ወይ ፍንክች። ስብ በቱቦ መጥጠው የሚያወጡበት ሕክምና አለ፤ ላይፖ ይሉታል። ቬሎ ሊለኩ የሚመጡ ሙሽሮች ስለ ጸጉር ሠሪ እንደሚያወሩ ነው የሚያወሩለት። ጥጤም ሰምታ መጣች።

«ሰውነት እኮ ጨርቅ አይደለም፣ ልጄ» አልኳት።

«እማ ሙች፣ በሳምንቱ ሥራ ይገባሉ። ሁሉም ያደርገዋል። አንቺ ደግሞ ሰው ሲያስነጥሰው ቀባሪ የምትጠሪ ሴት ነሽ።»

ስቄ ተውኳት። ለመሐንዲሱ አክስቴ ጋ ሌላ ከተማ ልሄድ ነው ብላ ነገረችው። አመናት። እኔ ከሕክምናው በኋላ አስታመምኳት። ጎንና ጎኗ ጠቁሮ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ ሰውነቷን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ልብስ ለብሳ ሳምንታት ተኛች። እብጠቱ ሲወርድ በወገቧ ዙሪያ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ያሉ ትንንሽ ጠባሳዎች ቀሩ። ሌላው ሁሉ ሄዷል። ያ የማውቀው ዳሌ የለም።

ቬሎው ገባላት። ባለ ፎቋ አቅፋት አለቀሰች። መሐንዲሱ ቬሎውን አውልቃ ስትወጣ አይቷት ማመን አቃተው።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የቀጠንሽው?»

«ናፍቆት» አለችው።

ወደ ላይ አንስቶ አሽከረከራት። የዚያን ቀን ያየሁባት ደስታ፣ እውነቴን ነው፣ ፍርሃቴን ሁሉ አስረስቶኝ ነበር።

ድካሙ በአንድ ጊዜ አልመጣም። መጀመሪያ ከገበያ ስትመለስ ደረጃው መሃል ቁጭ ማለት ጀመረች፤ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ለመነሳት ሰው የምትጠብቅ ትመስላለች። ቀጥሎ ጠዋት አልነሳ አለች። ማበጠሪያዋ ላይ ጸጉር በዛ። በሞቃት ቀን ሹራብ ትደርባለች። የወር አበባዋ አንዴ ዘገየ፣ ከዚያ ጭራሹን ጠፋ። ፊቷ ያብጣል፣ እጇ ይቀዘቅዛል። ለሠርጉ ቀን እንቁረጥ ሲባል «ትንሽ ይቆይ» ትላለች፤ ይቆያል። ከዓመት በላይ ቆየ። አንድ ቀን ቬሎ ቤት ውስጥ የሰው ቀሚስ ላይ ራሷን ጥላ ተኝታ ተገኘች። የቬሎ ቤቱ ባለቤት ደግ ሴት ናት፤ አልተቆጣችም። «ቤትሽ ሄደሽ ዕረፊ፣ ሲሻልሽ ነይ» ብላ ሸኘቻት። አልተሻላትም።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሰው ሲናገር አታቋርጥም። ደሟን አስመረመረች። ታይሮይድ የሚባለው ሆርሞን ዝቅ ብሏል አለች፤ ደሟም አንሷል፤ የሌሎቹም ሆርሞኖች ልክ ተዛብቷል።

«ከዚያ ሕክምና የመጣ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እናቴ፣ አዎ ብልዎት እዋሻለሁ። አይደለም ብልዎትም እዋሻለሁ። ሕመሙ ቀድሞም ተደብቆ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ስቡ ከመመጠጡ በፊት ሆርሞኗ ተለክቶ ነበር?»

«ግፊትና ስኳር ብቻ ነው ያዩኝ» አለች ጥጤ።

«እንግዲያው የበፊቱን የሚነግረን የለም።»

እናት በአንድ ነገር ላይ ጣቷን መቀሰር ትፈልጋለች። እኔም ፈልጌ ነበር። የሚቀሰርበት ጠፋ። ሐኪሟ የምትውጠውን ክኒን ሰጠቻት። ከጥቂት ወራት በኋላ ደሟን ደግማ አይታ «ቁጥሩ ተስተካክሏል» አለችን። እሷም ደስ ብሏት ነው የነገረችን። ልጄ ግን ያንን ለመስማት ከታክሲ ወርዳ እስከ ሐኪሟ በር ለመድረስ ሁለት ቦታ ቁጭ ብላለች።

«ድካሙስ?»

«አንዳንድ ሰው ላይ ይቆያል» አለች ሐኪሟ። «ምን ያህል እንደሚቆይ አላውቅም።» ልጅ ስለ መውለድ ስጠይቃትም ያንኑ ደገመችልኝ። ስንወጣ ጥጤን ክንዷን ይዛ «ለእጮኛሽ ንገሪው» አለቻት።

ጥጤ ግን አስማለችኝ። «እንዳትነግሪው፣ እማ። ለእናቱ ቀሚስ ብላ ራሷን ጎዳች እንዲል አልፈልግም። እወቂልኝ፣ በዓይኑ እንደዚያ ካየኝ አልኖርም።»

በስልክ የሚልክላትን መልእክት የማነብላት እኔ ሆንኩ። ስልኩን ይዞ መቆየት እንኳን ክንዷን ያዝለዋል። እኔ ደግሞ ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ጣቴን ከቃል ቃል እያስኬድኩ ነው የማነበው። «ያለ… አንቺ… ቀኑ… አይመሽልኝም» ስል ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች።

«እማ፣ በአንቺ አፍ ሲነበብ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላል።»

መልሱንም እሷ እየነገረችኝ እጽፍላታለሁ። አንድ ቀን «እኔም አንተን» ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ብጠብቅ አልነቃ አለች፤ የተባልኩትን ላክሁ። ወዲያው መልስ መጣ። «አንቺም እኔን ምን?» ይላል። ስትነቃ አሳየኋት። ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ ወዲህ አጭር አጭር መልስ ብቻ ሆነ። «ደህና ነኝ።» «ነገ እንነጋገር።» ለእሱ ያ ሁሉ ቅዝቃዜ ነበር።

በመጨረሻ ላውንደሪ ቤት መጣ። እየተኮስኩ ነበር። እንፋሎቱ መሃል ቆሞ ሸሚዝ ሊያስተኩስ የመጣ ሰው ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሌላ ሰው አለ?»

«ምን ማለትህ ነው ልጄ?»

«ሳወራት ትተኛለች። ስጽፍላት ሁለት ቃል ነው። ቀን እንቁረጥ ስላት ይቆይ። መሥሪያ ቤቴ ሩቅ አገር ድልድይ ልሠራ እንድሄድ እየጠየቀኝ ነው፤ እሷን ብዬ እምቢ አልኩ። ካልፈለገችኝ ግን ልሂድ። አንድ ቃል ይበቃኛል።»

ካውያውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ግን ምያለሁ።

«እሷው ትነግርሃለች» አልኩት።

«መቼ?»

«ስትነቃ።»

አየኝ። የቀለድኩበት መሰለው። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጥቶኝ ሲወጣ የትከሻው መውደቅ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ለጥጤ ነገርኳት። «ቀኑ ይቆረጥ» አለች። «ቬሎውን አንድ ጊዜ ልለካውና ቀኑ ይቆረጥ። ከዚያ ሁሉንም እነግረዋለሁ።» ቀን ከተቆረጠ አይሄድም ብላ ነው። ይህች ናት የቀረቻት ተስፋ።

ባለ ፎቋ ቤት የሄድነው በተሲያት ነው። መሐንዲሱ ሳሎን ቀረ፤ ሙሽራዋን በቬሎ ማየት የለበትም። እኛ ሦስታችን ወደ ባለ ፎቋ መኝታ ቤት ገባን። ትልቅ መስታወት አለ። ቬሎው አልጋው ላይ ተዘርግቷል። ከጀርባው ከአንገት እስከ ወገብ በጨርቅ የተለበጡ ትንንሽ ቁልፎች አሉት፤ እያንዳንዱ በክር ቀለበት ውስጥ የሚገባ።

ወገቡ ገባላት። የተመጠጠው ቦታ እንደተመጠጠ ነው። ነገር ግን ሰውነቷ የወሰዱበትን ሌላ ቦታ መልሶ ነበር፤ ጀርባዋና ክንዷ ወፍሯል። እኔ በየቀኑ ስለማያት አላስተዋልኩም። ባለ ፎቋ ግን አስተዋለች።

«ትንፋሽሽን ያዢ፣ የኔ ልጅ» አለችና ከታች ወደ ላይ ትቆልፍ ጀመር።

ጥጤ ትንፋሿን ያዘች። ቁልፎቹ አንድ በአንድ ገቡ። ፊቷ በመስታወቱ ውስጥ ነጣ።

«እማ» አለችኝ። «ጨለመብኝ።»

ሳልደርስላት ምንጣፉ ላይ ተንሸራተተች። ተንበርክኬ ያዝኳት። ደረቷ ይነሳል፣ አየር ግን አይገባም። «መቀስ ስጡኝ» አልኩ።

ባለ ፎቋ አጠገቤ ተንበረከከች። «ቆይ፣ ቁልፉ ይፈታል። ቀስ ብለን እንፍታው።»

«መቀስ» አልኩ እንደገና።

መሐንዲሱ ድምፄን ሰምቶ ገባ። ልጄን አየ፣ እኔን አየ፣ እናቱን አየ። እናቱ የላይኛውን ቁልፍ ይዛለች። እሱም ሮጦ መጥቶ ተንበረከከ፤ ከታች በኩል ይፈታ ጀመር። ጣቶቹ ትልልቅ ናቸው፤ ቀለበቶቹ የክር ናቸው። አንዱን ፈታ። ሌላውን ፈታ። ክሩ እንዳይበጠስ እየተጠነቀቀ።

ልጄ በጎኗ ወድቃ ፊቷ ወደ መስታወቱ ነበር። ዓይኖቿ ተገልጠዋል። በመስታወቱ ውስጥ እጆቹን ታያለች። ያን አስተያየት ምነው ባላየሁት።

ቀሚሱ ሲከፈት አየሩ ገባላት። መሐንዲሱ ቀና ሊያደርጋት ሲይዛት ወገቧ ላይ ያሉትን ጠባሳዎች አገኛቸው። አንዱን በጣቱ ነካው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ላይፖ» አለች። ድምፅዋ ንጹሕ ነበር። «አክስቴ ጋ አልሄድኩም። ያኔ ነው ያሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት፤ ከእሱ ይሁን ከሌላ ሐኪሟም አታውቅም። ሌላ ሰው የለኝም። የሚወስደኝ እንቅልፍ ነው።»

ፊቱ እንደ ወረቀት ሆነ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

«አታድርጊው እልሽ ነበር።»

«ቬሎውስ?»

አፉን ከፈተ። ጠበቅን፤ እሷም፣ እኔም፣ እናቱም። ምንም አልወጣም።

«እኔ ተቆረጪ አላልኩም» አለች ባለ ፎቋ ዝግ ብላ። ቬሎውን ጭኗ ላይ ሰብስባ ይዛለች።  ልጄን አልብሼ ስንወጣ የአራታችንም ዓይን መሬት ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይመጣ ነበር። ብርቱካን ይዞ፣ ሙዝ ይዞ፣ አንዳንዴ ባዶ እጁን። ስትተኛ ይጠብቃታል፤ ስትነቃ ያጎርሳታል። ምን ያላደረገው አለ? እኔ ማድቤት ሆኜ «ይኸውና፣ ቀረልን» እል ነበር በሆዴ። አንድ ቀን ግን ከግድግዳው ማዶ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ጆሮዬን ልሰብስብ ብል የት አባቴ እገባለሁ።

«ድልድዩን እምቢ ብያለሁ» አላት። «እጠብቅሻለሁ። ዓመትም ይሁን ሁለት።»

«ስትጠብቀኝ አይሃለሁ እኮ። ዓይኔን ስገልጥ እዚያ ቁጭ ብለህ፣ አልሰለቸኝም የሚል ፊት አድርገህ። መጠበቅህ ይደክመኛል።»

«እንግዲያው አልጠብቅም። ዝም ብዬ አጠገብሽ እሆናለሁ።»

«ያው ነው።»

«ያለ ቬሎ እንጋባ። ከፈለግሽ በፒጃማ እንጋባ። በሸበጥ እንጋባ።»

ሳቀች። ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር ያንን ሳቅ ከሰማሁ። እጄ ላይ የያዝኩት ሰሃን ከነውኃው ቆመ።

«ያኔ ደረጃው ላይ ይህን ብትለኝ ኖሮ» አለችው።

«አሁንስ ብልሽ?»

«አሁን ሐኪሟ እንኳን የማታውቀውን፣ ትወልጃለሽ ወይ ብለህ ሳትጠይቀኝ ትኖራለህ። ጨዋ ነህ፣ አትጠይቀኝም። እኔ ግን ሳትጠይቀኝ ስትኖር እሰማሃለሁ።»

 ከዚያ እሷው ናት የቀጠለችው፤ ድምፅዋ ለልጅ ተረት የምትነግር ያህል የለዘበ ነበር።

«ቁልፎቹን በጥንቃቄ ነበር የፈታሃቸው።»

«ምን?»

«ወድቄ ሳለሁ። በመስታወት አየሁህ። እማ መቀስ ትላለች፣ አንተ ክሩን እንዳትበጥስ ትጠነቀቃለህ።»

መልሱ ሲመጣ ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «አላሰብኩትም። እጄ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ካርቶን አትንካ እየተባልኩ ነው ያደግሁት።»

«አውቃለሁ። አልተቀየምኩህም። እንዴት እቀየምሃለሁ? እኔም እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መቀሱ በቦርሳዬ ነበር። እኔም ቀሚሱን ትቼ ራሴን ነው ያስቆረጥኩት።»

«ትወጂኛለሽ?»

«እወድሃለሁ። አቅሙን ከየት ላምጣው?»

አለቀሰ። ወንድ ልጅ እንዲያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ገብቼ ሁለቱንም ልቆጣ፣ ሁለቱንም ላቅፍ ፈለግሁ። ሰሃኑን አስቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ልቅሶው ሲበርድ በሩን ቀስ ብዬ ገፋሁት። እሱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ሶፋው ጠርዝ ላይ አስደግፏል። እጇ ጸጉሩ ውስጥ ነው። ተኝታለች። እሱ እንዳይቀሰቅሳት ብሎ አንገቱን ሳያነቃንቅ ዓይኑን ብቻ ወደ እኔ አዞረ። በዚያ ዓይን ውስጥ መሄዱን አነበብኩት። 

ለድልድዩ ሥራ ሲሄድ ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር። አልገባም። ልጄ በመስኮት ቆማ አየችው፤ እሱም ከታች አያት። ሁለቱም እጃቸውን አላነሱም። መኪናው ከታጠፈ በኋላም ከመስኮቱ አልሄደችም። ወንበር አመጣሁላትና ተቀመጠች።

መጀመሪያ ላይ ይጽፍ ነበር። ስለ ወንዙ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ሠራተኞቹ ስለሚጠሩበት ቅጽል ስም። አነብላታለሁ። አንድ ቀን መሃል ላይ «ይብቃ፣ እማ» አለችኝ። ስልኩን አስቀመጥኩት። መልስ አላስጻፈችኝም። መልእክቱ እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ ቀረ። ክኒኑን ትውጣለች። የወር አበባዋ አንዴ ብቅ ብሎ ደግሞ ጠፍቷል። ቬሎ ቤቱ በእሷ ቦታ ሌላ ሰፊ ቀጥሯል። አንዳንድ ጠዋት ደህና ናት፤ የእኔን ቀሚስ ጫፍ ልትሰፋልኝ ትጀምራለች። መርፌው ከነክሩ ጨርቁ ላይ ተሰክቶ ይቀራል።

ባለ ፎቋ ቤታችን የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ደረጃችንን ወጥታ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ልትጣላኝ የመጣች መሰለኝ። ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታይ ጀመር።

«ለእናንተ ይጽፋል?» አለችኝ።

«ቀርቷል፣ እትዬ።»

«ለእኔ ከሄደ ጀምሮ ደውሎ አያውቅም። እደውላለሁ፤ አያነሳም።» መሀረቧን አወጣች፤ ግን አላለቀሰችም። «እኔም ያ ቀሚስ ውስጥ የገባሁት ሳልበላ ነው፣ እህቴ። በሠርጌ ቀን ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ሁለት ጊዜም አንስተው አቆሙኝ። የባሌ እናት ምን አለችኝ መሰለሽ? እንዴት አምሮብሻል አለችኝ።»

 ልጠላት ስንት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሻይ አፈላሁላት። ስትወጣ ደረጃው ላይ ክንዷን ይዤ አወረድኳት።

አሁን ብዙ ጊዜ ትመጣለች። ገብታ ስትቀመጥ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ልጄ ነው።

«እንዴት ዋለች?»

«ያው ናት።»

«ደወለ?»

«አልደወለም።»

ከዚያ ሻያችንን እንጠጣለን። ጥጤ እንዳትነቃ ብርጭቆውን እንኳን በቀስታ ነው የምናስቀምጠው። የእሷ ልጅ ሄዷል፤ የእኔ ልጅ በወዲያኛው ክፍል ተኝታለች። የቀረነው ሁለታችን እናቶች ነን።